ከአፍንጫ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚሰጠው ምክር፤ ሒሳዊ ምልከታ

ከአፍንጫ ቅርጽ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለታካሚ የሚሰጠው የመመሪያ ወረቀት ከሕክምና ጽሑፎች ሁሉ ትንሹ ነው። ከአንድ ገጽ አያልፍም፤ ደራሲው አይታወቅም፤ በመጽሔት አይታተምም፤ የሙያ ባልደረባም አይገመግመውም። ይሁን እንጂ በቀዶ ሕክምና ክፍል ብዙ የተደከመበት ሥራ የሚጸናው ወይም የሚበላሸው ይህ ወረቀት በሚገዛቸው ሳምንታት ውስጥ ነው። ስለ አጥንት አቆራረጥና ስለ ካርቲሌጅ አሰፋፍ ወፋፍራም መጻሕፍት ሲጻፉ፣ ታካሚው ቤቱ ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ስለሚሆነው ነገር የሚነገረው በአብዛኛው የክልከላ ተርታ ነው። አይናፈጡ፤ አያጎንብሱ፤ መነጽር አያድርጉ፤ ፀሐይ አይሙቁ፤ ከባድ ዕቃ አያንሱ። ምክንያቱ አይጻፍም፤ እስከ መቼ እንደሆነም ብዙ ጊዜ አይገለጽም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። በአገራችን አፍንጫ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከለው በመኪና አደጋ፣ በዱላ ወይም በጅብ ንክሻ ከተጎዳ በኋላ፣ አልያም የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ባስገባው በኖማ ምክንያት ፊት ሲበላ ነው የሚል ግምት አለ። ግምቱ ከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ለመልክ ሲሉ ወደ ውጭ አገር ሄደው የሚመለሱ፣ ውጭ እየኖሩም ቀዶ ሕክምናውን ባደረጉ በሳምንታት ውስጥ ዘመድ ለመጠየቅ የሚመጡ አሉ። በአደጋም ይሁን በምርጫ፣ የተሰፋው አፍንጫ አንድ ዓይነት እንክብካቤ ይፈልጋል። ሌሊት ደም ሲፈስሰው የሚያየውም የቀደደው ሐኪም ሳይሆን በቅርቡ ጤና ጣቢያ ተረኛ የሆነው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው።

የጥንቶቹ ድርሳናት በዚህ ረገድ ከዛሬው ወረቀት ይልቅ ለታካሚው የቀረቡ ነበሩ። በሱሽሩታ ስም በሚታወቀው የሕንድ ጥንታዊ የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ውስጥ፣ የተቆረጠ አፍንጫ በተገለበጠ ቆዳ እንዴት እንደሚተካ የሚያስረዳው ክፍል እጅግ አጭር ነው። ከዚያ አጭር ክፍል ግን ጉልህ ድርሻ የያዘው ከስፌቱ በኋላ ያለው ነገር ነው። ታካሚው እንዲተነፍስ፣ አዲሱም አፍንጫ ወደ ውስጥ እንዳይሰረጉድ፣ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች በቀዳዳዎቹ ይገባሉ። በቁስሉ ላይ የዕፀዋት ዱቄት ይነሰነሳል፤ በጥጥ ይሸፈናል፤ ጥጡም በሰሊጥ ዘይት ደጋግሞ ይርሳል። ታካሚው ቅቤ ይጠጣል። ቅቤ መጠጣቱን ዛሬ የሚያዝዝ ሐኪም የለም። ቁስል ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በቅባት ማራስና የአየር መተላለፊያውን ክፍት ማድረግ ግን እስከ ዛሬ ያልተሻሩ ሁለት መርሆች ናቸው።

በጥቅምት 1794 እ.ኤ.አ. በለንደን ይታተም የነበረው ጀንትልማንስ ማጋዚን የተባለ መጽሔት ከሕንድ የተላከ አንድ ደብዳቤ አወጣ። ደብዳቤው ካዋስጂ ስለሚባል የእንግሊዝ ጦር በሬ ነጂ ይናገራል። ሰውየው በቲፑ ሱልጣን ወታደሮች ተማርኮ አፍንጫውና አንድ እጁ ተቆርጠው ነበር፤ አፍንጫው ከግንባሩ በተወሰደ ቆዳ ተተካለት። አውሮፓውያን ሐኪሞች ደብዳቤውን ያነበቡት ስለ ቆዳው አቆራረጥ ሊማሩ ነው፤ ተማሩም። በዚያው ጽሑፍ ታካሚው ለአምስት ወይም ስድስት ቀን በጀርባው እንደሚተኛ፣ በአሥረኛውም ቀን ቀዳዳዎቹ እንዳይጠቡ ለስላሳ ጨርቅ እንደሚገባባቸው ተጽፏል። የቀን ቁጥር አለው፤ ምክንያትም አለው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በእጅ የሚሰጥ ወረቀት ይህን ያህል እንኳ ሳይል መቅረቱ ያስገርማል።

ከሁሉ የሚልቀው ግን የቦሎኛው ጋስፓሬ ታሊያኮዚ ነው። በ1597 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ያሳተመው መጽሐፍ አፍንጫን ከላይኛው ክንድ በተወሰደ ቆዳ መሥራትን ያስተምራል። ቆዳው ደም ከአዲሱ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ክንዱ ከፊት ጋር ታስሮ ሃያ ቀን ያህል ይቆያል። ታዲያ ከመጽሐፉ ሥዕሎች ዓይን የሚስበው ቢላዋው ሳይሆን ልብሱ ነው። ኮፍያና ሰደርያ በታካሚው ልክ አስቀድሞ ይሰፋል፤ ክንዱን የሚይዙት ጠፍሮችም የት እንደሚታሰሩ በሥዕል ይታያል። ታሊያኮዚ ከሌላ ሰው ቆዳ መውሰድን ያልመረጠበት አንዱ ምክንያት፣ ሁለት ሰዎችን ያን ያህል ጊዜ አንድ ላይ አስሮ ማቆየት የማይቻል መሆኑ ነበር። ማለትም የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት የወሰነው እንክብካቤው ነው። አዲሱ አፍንጫ ቅርጹን እንዲይዝም በላዩ የሚደረግ ሽፋን አዘጋጅቷል። የኋለኞቹ ዘመናት ግን ይህን ሁሉ ትተው፣ ከሌላ ሰው የተወሰደ አፍንጫ የባለቤቱ ነፍስ ስትወጣ አብሮ ይወድቃል በሚል ተረት ሲሣለቁበት ኖሩ። ተረቱ እሱ ካስተማረው ተቃራኒ ነው።

እንክብካቤው ከጽሑፉ ዳር የተገፋው የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ሲለወጥ ይመስላል። በ1887 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆን ሮ በአፍንጫ ውስጥ ብቻ በሚደረግ መቁረጥ ቅርጽ ማስተካከልን ገለጸ፤ በ1898 ደግሞ በበርሊን ዣክ ዮሴፍ ጤናማ ነገር ግን ትልቅ የሆነን አፍንጫ ማሳነስ ጀመረ። ቁስሉ ከዓይን ተሰወረ። ሊሞት የሚችል የቆዳ ቁራጭ ስለሌለ ሥጋቱም የቀነሰ መሰለ። ነገር ግን አጥንቱ በልዩ መሮ ተቆርጦ፣ ካርቲሌጁ ተሰፍቶ፣ ቆዳው ከሥሩ ተላቅቆ ያለ ታካሚ ከውጭ የሚታይ ቁስል ስለሌለው ብቻ ቁስለኛ አይደለም ማለት አይቻልም። የዛሬው ወረቀት ጉድለት ከዚህ ይመነጫል፤ የሚናገረው ስለሚታየው ነገር ብቻ ነው።

ክልከላዎቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባል። አይናፈጡ የሚለው ትክክል ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በኃይል የተነፈሰ አየር ደም ሊያስነሳ፣ በተቆረጠው አጥንት በኩል ከቆዳ ሥር ገብቶ ፊትንና የዓይን ሽፋንን ሊያሳብጥ ይችላል። ማስነጠስ ሲመጣም አፍን ከፍቶ ማስነጠስ እንጂ አፍንጫን ይዞ ማፈን አደገኛ ነው። ነገር ግን እንዳይናፈጥ የተነገረው ሰው አፍንጫው በደረቀ ደምና በቅርፊት ተደፍኖ እያለ ምን ያድርግ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በበጋ ወራት አየሯ ደረቅ ነው። በባሕር ጠረፍ ከተማ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ምክር የቅርፊትን ነገር በአንድ መስመር ቢያልፈው ብዙ አይጎዳ ይሆናል፤ እዚህ ግን የታካሚው ዋና እሮሮ እሱ ነው። መልሱ የጨው ውኃ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ 9 ግራም ጨው ተሟሙቶ፣ በቀን ብዙ ጊዜ በዝግታ ጠብ ይደረጋል ወይም ይረጫል፤ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቅባት በስሱ ይቀባል፤ ቅርፊቱ ራሱ እስኪለቅ ይጠበቃል እንጂ በጣት አይነቀልም። ውኃው መፍላት አለበት የሚለው ቃል የሚታለፍ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት አፍንጫቸውን በቧንቧ ውኃ ያጠቡ ሁለት ሰዎች ኔግሌሪያ በተባለ አሜባ አንጎላቸው ተጎድቶ ሞተዋል። ጨውን እንጂ ማፍላትን የማይጠቅስ ወረቀት ግማሹን ብቻ ተናግሯል።

አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎችም እንዲሁ ናቸው። ኦክሲሜታዞሊን ወይም ዛይሎሜታዞሊን ለጥቂት ቀናት ይረዳል፤ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አልፎ ሲቀጥል ግን ራሱ አፍንጫን የሚደፍን ሕመም ያመጣል። ታካሚው የተደፈነው በቀዶ ሕክምናው ነው ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ ጠብታውም ያለ ማዘዣ በእጁ ይገባል። ዳማከሴ ጨምቆ በአፍንጫ ማድረግ ልማድ በሆነበት ቤትም፣ ለጉንፋን የሚደረገው ነገር በተሰፋ አፍንጫ እንደማይደረግ ካልተነገረ በደግ ልብ ይደረጋል።

አያጎንብሱ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ከሁሉ በላይ የአገሩን ሰው የማያውቅ ትእዛዝ ነው። ጭንቅላት ከልብ ዝቅ ሲል የፊት ደም ሥሮች ስለሚሞሉ እብጠትና መድማት ይጨምራል፤ ሕክምናዊ ምክንያቱ ይኸው ነው። ነገር ግን በቀን አምስት ጊዜ የሚሰግድ ሙስሊም፣ በሰሞነ ሕማማት ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰግድ ኦርቶዶክሳዊ ይህን ትእዛዝ እንዴት ይፈጽመው? በወረቀቱ ላይ ስግደት የሚል ቃል የለም። ታካሚው ጎንበስ ማለት የተከለከለው ዕቃ ለማንሣት ብቻ መስሎት ይሰግዳል፤ ወይም ተጨንቆ ሳይጠይቅ ይቀራል። በሁለቱም እምነት ለሕመምተኛ ማቅለል የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ተቀምጦ መጸለይ ይቻላል፤ የንስሐ አባትም ለታመመ ሰው ስግደቱን ያቀልላሉ። የጤና ባለሙያው ድርሻ የሃይማኖት ፍርድ መስጠት ሳይሆን፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ግንባርዎ መሬት እንዳይነካ ብሎ በግልጽ መናገርና ምክንያቱን ማስረዳት ነው። ለመልክ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ቀኑ የሚመረጥ ስለሆነም ሐኪሙ ከመቅደዱ በፊት የቀን መቁጠሪያውን ቢያይ አይከፋም።

ሰላምታም አለ። ጉንጭ ለጉንጭ ተገናኝቶ ሦስት አራት ጊዜ መሳሳም፣ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት፣ ሕፃን አቅፎ መሳም፤ የሕፃን ጭንቅላት ድንገት ወደ ኋላ ሲወረወር ምን እንደሚያደርግ ያሳደገ ያውቀዋል። መነጽር ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት በአፍንጫ ድልድይ ላይ እንዳይቀመጥ የሚያዝዘው ወረቀት፣ እንግዳ ሊጠይቅ መጥቶ ሲስም ስለሚደርሰው ግፊት ዝም ማለቱ በሌላ አገር ኑሮ ስለተጻፈ ነው። የዕጣንና የማገዶ ጭስም በዚሁ ይታያል፤ የታመመን ለመጠየቅ የተሰበሰበ ሰው ቡና ተፈልቶ ዕጣን ካልተጨሰ ቅር ሊለው ይችላል፤ የሚያስነጥሰው ግን ታካሚው ነው። ሲጋራ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ስለሚያጠብ ከሥሩ የተላቀቀን ቆዳ እስከ መግደል ይደርሳል።

ስለ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒትና በአፍንጫ ውስጥ ስለሚታጨቀው ጎዝ ሲነሣ ግን ሒሱ ከወረቀቱ አልፎ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ አፍንጫ ቅርጽ ቀዶ ሕክምና ባወጣው የሙያ መመሪያ፣ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ24 ሰዓት አልፎ በልማድ እንዳይታዘዝ፣ አፍንጫም በልማድ ጎዝ እንዳይታጨቅ መክሯል። በልማድ የሚለው ቃል ሊጤን ይገባል፤ የተለየ ምክንያት ያለው ታካሚ አለና። ይህም ሆኖ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ እንክብል ለመጠባበቂያ በሚል ማዘዝ የቀጠለ ልማድ ነው። ለታካሚው ተቅማጥና አለርጂ፣ ለአገሩ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ያተርፋል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሚሰጠው ሐሰተኛ እርጋታ ነው። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው የሚል ታካሚ ትኩሳት ሲጀምረው ይቆያል።

ጎዝ የግድ ካስፈለገም ስንት ቁራጭ እንደገባና በስንተኛው ቀን እንደሚወጣ መጻፍ አለበት። ረስቶ የቀረ ጎዝ በስታፊሎኮከስ መርዝ የሚመጣ ድንገተኛ የደም ግፊት መውደቅ ሊያስከትል ይችላል። ጎዝ ያለበት ሰው በትኩሳት፣ በትውከት፣ በተቅማጥና በቆዳ መቅላት ከመጣ፣ ግፊቱም ከወረደ፣ ምግብ ተመርዟል ተብሎ ጉሉኮስ ብቻ ተሰጥቶት የሚሸኝ አይደለም። ጎዙ ወዲያውኑ ይወጣል፤ ለድንጋጤ የሚደረገው ሕክምና ይጀመራል፤ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

የወረቀቱ ትልቁ ጉድለት ግን ከተጻፈው ይልቅ ካልተጻፈው ላይ ነው። ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች በሚለየው ግድግዳ ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል፤ በተለይ ግድግዳውም በተቀደደበት ሰው ላይ። ይህ ካርቲሌጅ የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። ደሙ ሽፋኑን ከካርቲሌጁ ሲለየው በጥቂት ቀናት ውስጥ ካርቲሌጁ ይሞታል፤ ባክቴሪያ ከገባበትም መግል ይቋጥራል፤ የአፍንጫው ድልድይ ይሰረጉዳል። ከዚህም አልፎ የአካባቢው ደም መላሾች ከአንጎል ሥር ካለው የደም ቋት ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ለሕይወት ያሰጋል። ወረቀቱ ሕመምና መደፈን የተለመደ ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። ልዩነቱን ግን አይናገርም። የተለመደው ሕመም ቀን በቀን ይቀንሳል፤ መደፈኑም በጨው ውኃና በጠብታ ጥቂት ይከፈታል። ደም የቋጠረ አፍንጫ ግን ሕመሙ ይጨምራል፤ በሁለቱም ወገን ይደፈናል፤ በጠብታ አይከፈትም። ባትሪ ተበርቶ ሲታይ ግድግዳው በሁለቱም ጎን ያብጣል፤ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ሲነካም እንደ ደረቅ ካርቲሌጅ ሳይሆን ይለሰልሳል። ይህን ለማየት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ሊያየው ይችላል። ከታየ በዚያው ቀን በሚችል ባለሙያ ተከፍቶ መፍሰስ አለበት። አሞክሲሲሊን ሰጥቶ ለሳምንት መቅጠር ሕክምና አይደለም።

ደም ሲፈስስ የሚደረገውም ሊታረም ይገባል። ለነስር የሚሰጠው የታወቀው ትምህርት ወደ ፊት ዘንበል ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል አጥብቆ መቆንጠጥ ነው። አዲስ የተሰፋ ጫፍና አዲስ የተቆረጠ አጥንት ላለው ሰው ግን ይህ እንደ ወረደ አይተገበርም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚንጠባጠብ ቀላ ያለ ፈሳሽ ከአፍንጫ ሥር በሚታሰር ጎዝ ይያዛል። ከዚያ ከበለጠ ታካሚው ተደግፎ ተቀምጦ፣ ጠብታው ተደርጎለት፣ በጉሮሮው የሚወርደውን ሳይውጥ እየተፋ ይጠበቃል፤ የደም ግፊቱም ይለካል። በዚህ ካልቆመ ቅርጹን ለማዳን ሲባል ደም መፍሰሱ አይታገሥም፤ ሕይወት ይቀድማል። እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ጎንበስ ሲሉ በአንድ ወገን የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም የዓይን እይታ ከተለወጠ፣ ጉዳዩ የጤና ጣቢያ አይደለም።

የመስተዋቱ ነገር ይቀራል። በሳምንቱ ገደማ ውጫዊው ድጋፍ ሲነሣ ታካሚዋ የምታየው የምትጠብቀውን አፍንጫ አይደለም። ሰፊ ነው፤ ጫፉ ወደ ላይ ያየ ይመስላል፤ ቆዳው ደንዝዟል፤ ከዓይን ሥር ያለው ብልዘት ገና ቢጫ ሆኖ አለ። ብልዘቱ በሁለት ሳምንት ያህል ይጠፋል። እብጠቱ ግን በአብዛኛው በወራት ሲቀንስ የጫፉ ቅርጽ የሚለየው ከዓመት በኋላ ነው፤ ቆዳው ወፍራም ሲሆን ከዚያም ይዘገያል። ከላይ የተጠቀሰው የ2017 መመሪያ ታካሚው በመልኩም በአተነፋፈሱም መርካቱ ቢያንስ ከ12 ወር በኋላ ተጠይቆ እንዲመዘገብ የሚያሳስበው ለዚህ ነው። ይህን ያልተነገራት ታካሚ በሁለተኛው ሳምንት ተበላሸሁ ብላ ሌላ ሐኪም ፍለጋ ትወጣለች፤ በሁለተኛው ወር የሚቀድዳትም አታጣ ይሆናል። ወረቀቱ ውጤቱን ለማየት ይታገሡ ሲል ደግሞ ቀንም ወርም አይጠቅስም።

ድጋፉ ራሱ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ቢላላ፣ ብዙ ጊዜ እብጠቱ ስለቀነሰ ነው እንጂ አጥንቱ ስለተናደ አይደለም። በላስቲክ ፕላስተር ቀስ ብሎ ማጥበቅ ይበቃል፤ ወደ ቦታው ለመመለስ በጣት መጫን አይገባም። ይህን ለመወሰን የሚቸገረው ባለሙያ ከወረቀቱ ሊያገኝ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ቀዶ ሕክምናው የተደረገበት ቀን፣ አጥንት መቆረጥ አለመቆረጡ፣ ግድግዳው መነካት አለመነካቱ፣ በውስጥ የቀረ ድጋፍ ወይም ጎዝ መኖር አለመኖሩ፣ የሚወጣበት ቀን፣ የሐኪሙም ስልክ። ወረቀቱ ለታካሚውም ለአስታማሚውም በሚገባቸው ቋንቋ ከመውጣታቸው በፊት ጮክ ተብሎ ቢነበብ፣ ታካሚውም የሰማውን መልሶ እንዲናገር ቢደረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አሁን በየእጁ በሚገኘው ወረቀት ግን የክልከላው ተርታ ገጹን ሞልቶት፣ የሐኪሙ ስልክ የሚጻፍበት መስመር አንድም የለም፤ አንድም ባዶ ነው።